መልስ፦ እናቴ ሁለት ጥርስ አስነቅላም ሕመሙ አልለቀቃትም

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ቀኝ ጉንጯን እንደ ኮረንቲ ነዝሮ በሰከንዶች ይለቃታል፣ ፊቷን ስትታጠብ ወይም ስታላምጥ ይነሳል ብለሻል። እባክሽ ሦስተኛ ጥርስ እንዳይነቀል! ይሄ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ የሚባለው የፊት ነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል። የተበላ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይጠዘጥዛል፣ ሌሊት ይብሳል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ቆይቶ ያማል። የነርቩ ግን ድንገት መጥቶ ድንገት ይሄዳል፤ የጠዋት ንፋስ ጉንጭ ሲነካ እንኳ ይቀሰቀሳል።

ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሪፈር አጽፋችሁ የነርቭ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ይያት። ሐኪሙ በሽታውን የሚለየው በዋናነት ከምትነግረው ነው። ስለዚህ ምን እንደሚቀሰቅሰው፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ጽፈሽ ያዢ። ካርባማዜፒን የሚባለው መድኃኒት ብዙዎችን ያሳርፋል፤ ያለ ሐኪም ግን እንዳትገዢ፣ የደም ምርመራ ይፈልጋል። ጉንጯ ከደነዘዘ ኤምአርአይ (የጭንቅላት ውስጥ ምስል) ሳትነሳ አትመለሱ።