አሳማን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ይቻላልን?

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አራት እንስት አሳማዎች አረባለሁ። አውራ ስለሌለኝ ከጎረቤት እየተዋስኩ አስጠቃለሁ። የላም አዳቃይ ቴክኒሻን በናይትሮጅን ዕቃ ዘር ይዞ እንደሚመጣው ለአሳማስ ይሆናልን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ይቻላል፤ አሠራሩ ግን ከላም ይለያል። የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለዓመታት ይቆያል። የአሳማ ዘር ግን ብርድ ስለሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀዘቅዝ ማቆያ ፈሳሽ ተጨምሮበት በ17 ዲግሪ ገደማ ይያዛል፤ እንደ ማቆያው ዓይነትም ለጥቂት ቀናት ብቻ ያገለግላል። በተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ያበላሸዋል። ስለዚህ ዘሩ በቅርብ ካለ አውራ መወሰድ ይኖርበታል። በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ዘር ከማቆያው ጋር ሲቀላቀል ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ከ10 በላይ ጠርሙሶችን ሊሞላ ስለሚችል፣ ጥቂት ጎረቤታሞች በእንስሳት ሐኪም የተመረመረ አንድ ጥሩ አውራ በጋራ ቢይዙና አንዱ ሥራውን ቢሠለጥን ይሻላል ብለን እናምናለን።

ከሁሉም በላይ የምናሳስብዎ ሰዓቱን ነው። ግልገሎቿን ጡት ካስጣሏት ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ እንስቷ አብዛኛውን ጊዜ ድራት ላይ (አውራ በምትፈልግበት ጊዜ ላይ) ትመጣለችና፣ ጠዋትና ማታ ሳያሰልሱ ይመልከቷት። ብልቷ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ወገቧን በሁለት እጅ ሲጫኗት ጆሮዋን ቀስራ ሳትነቃነቅ ከቆመች ጊዜው ደርሷል ማለት ነው፤ አውራ በአጥር ማዶ ሆኖ ቢታያት ወይም ቢሸታት ምልክቱ ይበልጥ ይጎላል። እንዲህ መቆም ከጀመረች 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይዳቀላል፤ በማግስቱም አሁንም የምትቆም ከሆነ ይደገማል። ዘሩ የሚያልፍበት ቱቦ በብልቷ በኩል ወደ ላይ አዘንብሎ ይገባል፤ ጠርሙሱ በኃይል ሳይጨመቅ፣ ወገቧን እየተጫኗት ማህፀኗ ራሱ እንዲስበው በትዕግሥት ይጠበቃል። የተቻኮለ አዳቃይ ዘሩ ወደ ውጭ ሲመለስ ያያል።

አውራን ከበረት በረት ማዞር በሽታ ያዛምታልና ይህ ዘዴ ያን አደጋ ይቀንሳል። ሆኖም መድኃኒት ያልተገኘለት የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ በዘርም ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ጤንነቱ ካልታወቀ አውራ የተወሰደ ዘር ፈጽሞ አይቀበሉ።

ከተዳቀለች በኋላ ከ18ኛው እስከ 24ኛው ቀን እንደገና ይከታተሏት፤ ወደ ድራት ካልተመለሰች አርግዛ ሊሆን ይችላል፤ በ114 ቀን ገደማም ትወልዳለች።