ከቸርችል ጎዳና አሮጌ ብር ለምትገዙ ወገኖች

ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ከቸርችል ጎዳና ሱቆች የገዛችሁትን ብር ይዛችሁ «እውነተኛ ነው ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ሁልጊዜ ከከፈላችሁ በኋላ ነው። የሚከተለው ከመክፈላችሁ በፊት የሚነበብ ነው።

1. ፈቃድ። ቅርስን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ «የአክሱም ነው» ተብሎ የሚቀርብላችሁ ሳንቲም ሐሰተኛ ከሆነ ገንዘባችሁን ታጣላችሁ፣ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቦሌ ላይ ትያዛላችሁ።

2. ጠገራ ብር። ሻጩ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» ሲላችሁ አትደነቁ። በጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በፈረንጆች ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ቀጥሎም በለንደንና በቦምቤይ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ስለወጣ፣ ቁጥሩ ስለ ዕድሜው የሚነግራችሁ ነገር የለም። ሊመረመር የሚችለው የብሩ ማዕድን ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በአገልግሎት ብዛት ጥቂት ሊጎድል ይችላል፤ ሁለት ግራም ከጎደለ ወይም ከበለጠ ግን ተዉት። ማግኔት ብረትን ብቻ ስለሚያጋልጥ በእርሱ አትተማመኑ፤ ናስም እርሳስም በማግኔት አይሳቡም። ከዚህ ይልቅ በትንሽ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጣችሁ ንባቡን ወደ ዜሮ መልሱ፤ ከዚያም ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ የብርጭቆውን ታች ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ካሳየ መልካም ነው፤ ከ3 ካለፈ ውስጡ ሌላ ነገር ነው። ጠርዙንም ዙሩት፤ በእውነተኛው ላይ ጎላ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉ፣ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ በፈሰሰው ሐሰተኛ ላይ ግን ፊደላቱ የደበዘዙ ናቸው፣ የሞረድ ጭረትም ይታያል። አባቶቻችን ሚዛን ሳይኖራቸው የደረቷን ጌጥ ፈርጦች ይቆጥሩ ነበር።

3. የምኒልክ ብር። ይህ በፓሪስ የተመታ ሲሆን ክብደቱ ከጠገራው ጋር ይቀራረባል፤ ዓመቱም በእኛ አቆጣጠር፣ በግእዝ ቁጥር፣ ለምሳሌ ፲፰፻፹፯ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ «1887 የፈረንጆች ነው» የሚል ሻጭ የሚሸጠውን አያውቅም። በአንዱ ገጽ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»፣ በሌላው «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ፊደል በፊደል አንብቡ፤ የአስመሳይ ሥራ መጀመሪያ የሚጋለጠው በፊደሉ ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ልጃችሁ አጠገባችሁ ቆሞ አንዱንም ፊደል ሳይለይ ብሩን ለመታሰቢያ ሲገዛ ማየት ግን ያሳፍራል።

4. የቤታችሁ ብር። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጠገራ ለብዙ ቤተሰብ ጥሎሽ፣ ማንጠልጠያ ተበጅቶለት የአንገት ጌጥ፣ ለክፉ ቀንም የሚቀበር ተቀማጭ ነበር፤ ዛሬም በየአሮጌው ሳጥን ውስጥ አለ። እናንተ ቸርችል ላይ በናስ ዋጋ ስትከራከሩ፣ አክስታችሁ የአያታችሁን ጌጥ ፒያሳ ወስዳ በግራም ትሸጣለች፤ ብር ሠሪውም አቅልጦ መስቀል ይሠራበታል። የእናቴ የአንገት ብሮች እኔ ባሕር ማዶ ሳለሁ እንዲህ ቀልጠው ቀሩ፤ በየወሩ ገንዘብ እልክ ነበር፣ መሸጣቸውን ግን የሰማሁት ከቀብሯ በኋላ ነው። ስልክ ስትደውሉ «ገንዘቡ ደረሰ?» ብቻ ከማለት ይልቅ ስለ ሳጥኑ ጠይቁ። ቤት ያለ ብር ከማን ለማን፣ በየትኛው ሠርግ፣ ከየትኛው አገር እንደመጣ የሚናገር ሰው አለው፤ የገበያው ብር ያለው የሻጩ ወሬ ነው፣ ወሬ ደግሞ እንደ ገዢው ፊት ይለዋወጣል። አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ የሚሉትን ጻፉ፣ ብሩንም በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ አንሱ። በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ በዕድሜ ብዛት ያገኘውን ጥቁረት ካጣ ሰብሳቢ ይሸሸዋል። ማንጠልጠያው የተበየደበት ጠባሳ የገበያ ዋጋውን ይቀንሳል፤ እናንተ ግን ለገበያ አልፈለጋችሁትም። አክስታችሁ ቸግሯት መሸጧ ካልቀረ፣ ብር ሠሪው በግራም ከሚሰጣት አብልጣችሁ ክፈሏት።