አሜሪካ ሆናችሁ ጎጃም ውስጥ የታሰረ ዘመድ ላላችሁ፦ ከመፈታቱ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ

አሜሪካ ፌዴራል እስር ቤት የገባ ሰው ጉዳዩን የሚከታተል ሠራተኛ (ኬዝ ማናጀር) ይመደብለታል። በገባ በ28 ቀን ውስጥ ጉዳዩ ይገመገምና ዕቅድ ይወጣለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያንስ በየ180 ቀኑ፣ መፈቻው አንድ ዓመት ሲቀረው ደግሞ በየ90 ቀኑ ይታያል። ማን እንደሚቀበለው፣ የት እንደሚያርፍ፣ መታወቂያው፣ ሥራው፣ ያለበት ዕዳ ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ማረሚያ ቤት ያለው ወንድማችሁ እንዲህ ዓይነት ሰው የለውም። መዝገቡ አንድ ክፍል፣ ሥልጠናው ሌላ ክፍል፣ እርቁ ደግሞ ከግቢው ውጭ ሽማግሌዎች ጋ ነው። እነዚህን ማገናኘት የቤተሰብ ሥራ ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ ስንቅ ከማመላለስ፣ እናንተም ብር ከመላክ አታልፉም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ አንድ ሰው ምረጡ። ተራ ገብቶ መጠየቅ ለስንቅ ያዋጣል፣ ለጉዳይ ግን አያዋጣም፤ የዛሬው ሄያጅ ያለፈው ሄያጅ ምን እንደተባለ አያውቅምና። የምትመርጡት ሰው ወረቀት አንብቦ የሚረዳ፣ ማረሚያ ቤቱ ያለበት ከተማ የሚኖር ወይም በቀላሉ የሚደርስ፣ ከተበዳዩ ወገን ጋር ክፉ ቃል ያልተለዋወጠ ይሁን። የግድ ታላቅ ወንድም መሆን የለበትም። መምህር የሆነች እኅት ካለች ከሦስት አጎት ትሻላለች። የመጓጓዣና የፎቶ ኮፒ ወጪዋን ለብቻው ላኩላት፤ ከታሳሪው ስንቅ እየቆረጠች ከሠራች ሁለቱም ይበላሻል።

የመጀመሪያ ሥራዋ የፍርዱን ግልባጭ አውጥታ ቀኑን ማስላት ነው። በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) የተፈረደበትን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የታሰረ ሰው በአመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ፣ ሊፈታ ይችላል። ከፍርድ በፊት የታሰረበት ጊዜም ይታሰብለታል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጋቢት 2010 ተይዞ መጋቢት 2012 12 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛው 8 ዓመት ነው፤ ከተያዘበት ሲቆጠር መጋቢት 2018 ይሞላል። ከፍርዱ ቀን የቆጠረ ቤተሰብ ግን 2020ን ይጠብቃል። ማረሚያ ቤቱ የያዘው ቀንም ከግልባጩ ጋር ይመሳከር። ለማረሚያ ቤቱ በተላከው ትእዛዝ ላይ የተያዘበት ቀን ካልተጻፈ ወይም ከተሳሳተ፣ የሚስተካከለው የፈረደው ፍርድ ቤት ዘንድ በማመልከቻ ነው። ይህን አሁኑኑ አስጨርሱ፤ በመፈቻው ወር የተጀመረ እርማት ወራት ይበላል።

ቀኑ ሞላ ማለት ግን በሩ ተከፈተ ማለት አይደለም። አመክሮ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ጥያቄው በማረሚያ ቤቱ አስተያየት ወይም በታራሚው ማመልከቻ ይቀርባል። የሚታየውም በሥራውና በጠባዩ መታረሙን በተግባር ማሳየቱ፣ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱ፣ ከወጣ በኋላም በሰላም ይኖራል ተብሎ የሚታመን መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የእሱ ድርሻ ነው። እናንተ በስልክ ስታገኙት «አይዞህ» ብላችሁ አትዝጉት፤ ምን ክፍል እየተማረ ነው፣ ሽመና ነው እንጨት ሥራ የያዘው፣ የምስክር ወረቀት አለው ወይስ የለውም፣ የዲሲፕሊን ቅጣት ተመዝግቦበት ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። «በዚህ በዚህ ብር አመክሮውን አፈጥናለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ብቅ ካለ ስልኩን ዝጉ፤ ለዳኛ በሚቀርብ ጉዳይ ደላላ የሚሸጠው ነገር የለም። በየበዓሉ የሚሰማው የክልሉ ይቅርታ ደግሞ ከአመክሮ የተለየ መንገድ ነው፤ ከመጣ መልካም፣ ዕቅድ ግን አይቆምበትም።

ከሁሉ የሚከብደው መካሱ ነው። ነገሩ የሰው ነፍስ ከሆነ (ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል) ፍርድ ቤት ቢፈታውም ደሙ ካልደረቀ አገሩ አይፈታውም። ደመኛ ደግሞ ገዳዩን ካጣ ወንድሙን ያያል። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣው ወንድምም ከዚሁ ቁጥር ውስጥ ነው፤ እርቁ የእናንተም ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እርቁ ከመፈቻው ቢያንስ ዓመት ቀድሞ ይጀመር። ሽማግሌዎቹን አታብዙ፤ ሁለቱም ወገን የሚያፍራቸው፣ የሟች ቤተሰብ የነፍስ አባት ያለባቸው ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ልመና ባዶ እጅ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ሳይቆጡ ደጋግሞ መሄድ ነው ወጉ። እናንተ እዚህ ውስጥ መታየት የለባችሁም። «አሜሪካ ወንድም አለው» የተባለ ዕለት ካሳው ሌላ ዋጋ ያወጣል፤ ይባስ ብሎም በደሙ ነገደ የሚል ሐሜት ለሟች ወገን ይደርስና ሊታረቅ የነበረው ሰው እምቢ ይላል። ብሩን ለወከላችሁት ሰው ላኩ፣ ልኩን ለሽማግሌ አትናገሩ፣ ሽማግሌ የወሰነውን ካሳ ግን በአንዴ ክፈሉ። በየዓመቱ የሚከፈል ካሳ ቁስሉን በየዓመቱ ይነካካዋል።

የእርቅ ሰነዱን አደራ። ሚስት ብቻዋን ፈርማ ወንድሞች የቀሩበት እርቅ እርቅ አይደለም። የሟች ሚስት፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ በአባትም በእናትም በኩል ያሉ ወንድሞች በሙሉ ስማቸው እስከ አያት ተጽፎ ይፈርሙ፤ ሟች ሲሞት ሕፃን የነበረ ልጅ በመሐሉ አድጎ እንደሆነ እሱም ይጠራ። ብዙ የፈረሰ እርቅ የፈረሰው ያልተጠራ ልጅ ጎረምሳ ሲሆን ነው። ሽማግሌዎቹ ፈርመው፣ ቀበሌው ማኅተም አድርጎበት አንዱ ቅጂ ማረሚያ ቤቱ ፋይል፣ አንዱ ከአመክሮ ማመልከቻው ጋር፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ።

ውክልና ስትልኩ ቃላቱን ተጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ክስ ማቅረብም ሆነ መከላከል፣ መታረቅ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ አይችልም፤ እያንዳንዱ በስሙ መጠቀስ አለበት። «ማናቸውንም ጉዳይ እንድትፈጽም» የሚል ወረቀት ይዛ የሄደች እኅት ከመስኮት የምትመለሰው በዚህ ነው። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሠራ፣ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይግባ። ይህ ግን የእናንተን ንብረትና ጉዳይ ብቻ ነው የሚሸፍነው። የእሱን ጉዳይ የምታስፈጽመው እሱ ራሱ ሲወክላት ነው። በተለይ መሬቱ፦ እሱ ታስሮ ዘመድ የእኩል የሚያርሰው ከሆነ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳው መሬት አስተዳደር ይመዝገብ። ሳይመዘገብ ዓመታት የታረሰ መሬት ሲፈታ ሌላ ጠብ ነው፤ ከወንድም ጋር።

ማረፊያውን ፍርድ ቤቱ ሳይጠይቃችሁ ወስኑ። በአመክሮ የወጣ ሰው የፈተና ጊዜ አለው፤ ቀሪ ቅጣቱን ያህል ነው፣ ግን ከ2 ዓመት አያንስም፣ ከ5 ዓመት አይበልጥም፤ ዕድሜ ልክ ለነበረ ከ5 እስከ 7 ዓመት። የት እንደሚኖር፣ ከማን እንደሚርቅ፣ መጠጥ እንዳይጠጣ ሊታዘዝ ይችላል። ትእዛዙን ከጣሰ ወይም በዚህ መሐል አዲስ ወንጀል ከሠራ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቀዬው የሚያሰጋ ከሆነ ማርቆስ ወይም ቡሬ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩለት፣ አድራሻውንም ከማመልከቻው ጋር አቅርቡ። መንደር ገብቶ ነገሩ ሲከፋ ሸሽቶ ባሕር ዳር የገባ ሰው ያላሰበውን ትእዛዝ ጥሶ ይገኛል።

የሚፈታበት ዕለት ደግሞ ቤተሰብ ያበደ ይመስላል። አረቄ ይወጣል፣ በግ ይታረዳል፣ አንዱ ጎረምሳ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ያንጣጣል። ያ ተኩስ ወንዙን ተሻግሮ የሟች እናት ጆሮ ይገባል። ለብዙ ወር የተለመነ እርቅ በሦስት ጥይት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። የድግሱን ወጪ የምትልኩት እናንተ ከሆናችሁ፣ ተኩስ የለም፣ ከበሮ የለም፣ በቀን ተይዞ በቀጥታ ወደተከራየው ቤት ይሂድ ብላችሁ ከብሩ ጋር ቅድመ ሁኔታውን ላኩ። መሣሪያም ማንም እንዳያስታጥቀው።

ገንዘቡን በአንዴ አትስጡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ልብስ፣ ስልክ፣ የቤት ኪራይ፣ ሕክምናና መታወቂያ ነው። የመፈቻ ደብዳቤውን ይዞ የቀበሌ መታወቂያ ያድስ፣ ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ይመዝገብ፤ ያለዚያ ባንክ አካውንት መክፈት አይችልም፣ የምትልኩትም በሰው ስም ይገባና ጭቅጭቅ ያመጣል። ሥራውን ውስጥ ከያዘው ሙያ አትነጥሉት፤ ሸማኔ ከሆነ ድርና ማግ፣ አናጺ ከሆነ መጋዝና መላጊያ ግዙለት። ባጃጅ ገዝቶ መስጠት ለላኪው ደስ ይላል፣ ግን ዓመታት መንገድ ያላየን ሰው በሰው ነፍስ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት መንገድና ኔትወርክ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ፣ የፍርዱ ግልባጭ፣ የእርቅ ሰነዱና የመፈቻ ደብዳቤው ፎቶ በተገኘው ቀን እናንተ ጋ ይድረስ።

የጽኑ እስራት ቅጣት ተፈጽሞ 5 ዓመት፣ በሌሎቹ 2 ዓመት ካለፈ በኋላ ለመሰየም፣ ማለትም ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ፣ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል፤ ከተፈቀደለት መብቱ ይመለሳል። ይህ አገር ቤት ሥራ ለመቀጠር ይጠቅመዋል። እናንተ ጋ ለማምጣት ካሰባችሁ ግን አሜሪካ የሌላ አገር ይቅርታንም ሆነ ስረዛን አይቀበልም፤ ፎርሙ ላይ ተፈርዶበት እንደሚያውቅ መጻፍ አለበት፣ የነፍስ ግድያ ከሆነም በሩ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ደብቆ ሞልቶ የተያዘ ሰው በራሱ በውሸቱ ዕድሜ ልክ ሊከለከል ይችላል፤ ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ የፍርዱን ትርጉም ያንብብ።