አውሮፓ በእርግጥ የእስልምና አገር ልትሆን ነውን?

ጥያቄ፦ ልጄ ጀርመን ከሄደች ቆይታለች፤ ስንደዋወል ሠፈሯ በሙስሊም ስደተኞች እየተሞላ መሆኑን ትነግረኛለች። የማኅበራችን አባላት ደግሞ በፓሪስ መንገድ ላይ ብዙ ሰው ሲሰግድ የሚያሳይ ቪዲዮ እየተቀባበሉ «አውሮፓ በሃያ ዓመት ውስጥ ታበቃለች፤ ነገ ተራው የእኛ ነው» ይላሉ። እኔ ከሸዋ ሮቢት ሙስሊሞች ጋር ማሾና ሽንኩርት ስገበያይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገሩ እውነት ነው? ምንስ ልበላቸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አስቀድመን የመንገዱን ስግደት እናንሳ። በፓሪስ ጉት ዶር በሚባለው ሠፈር፣ በተለይም በሚርሃ ጎዳና፣ መስጊዶቹ ስለማይበቁ የጁምዓ ሰጋጆች ለዓመታት አስፋልቱ ላይ ምንጣፍ ያነጥፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 መንግሥት ይህን ከልክሎ ሰጋጆቹን አገልግሎት ወዳቆመ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ካምፕ አዛወራቸው። ችግሩ የቦታ ጥበት ነበር።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2016 በ30 የአውሮፓ አገሮች የሚኖሩት ሙስሊሞች 25.8 ሚሊዮን ገደማ፣ ማለትም ከሕዝቡ 4.9 በመቶ ነበሩ። ስደት ጨርሶ ቢቆም እንኳ በ2050 ወደ 7.4 በመቶ ከፍ ይላሉ፤ ምክንያቱም በዕድሜ ወጣቶች ናቸው፣ የሚወልዱትም በአማካይ ከሌላው ሕዝብ ይበልጣል። በ2015 አካባቢ የታየው ከባድ የስደት ጎርፍ ሳይቀንስ ቢቀጥል ደግሞ 14 በመቶ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለውጡ እውነት ነው፤ «ታበቃለች» የሚለው ግን ከጥናቱ ከፍተኛ ግምት ጋር እንኳ አይገናኝም። ልጅዎም አልዋሸችም፤ ስደተኞች የሚሰፍሩት ሥራና ዘመድ ባለበት ከተማ ስለሆነ፣ የአገር አማካይ የአንድን ሠፈር ኑሮ አያሳይም።

ማኅበርተኞችዎ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ ነው። ከ2011 እስከ 2021 ባሉት አሥር ዓመታት ራሳቸውን ክርስቲያን ያሉት ከ59.3 ወደ 46.2 በመቶ ወርደዋል። በዚሁ ጊዜ ሙስሊሞች ከ4.9 ወደ 6.5 በመቶ ብቻ ሲያድጉ፣ «ሃይማኖት የለኝም» ያሉት ከ25.2 ወደ 37.2 በመቶ አሻቅበዋል። እንግዲህ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ያራቆተው መጤው ጎረቤት ሳይሆን የገዛ ልጆቿ መራቅ ነው፤ ይህ እኛን ክርስቲያኖችን ከስደተኛው ቁጥር አብልጦ ሊያሳስበን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ፍርሃት ከነገሩ ቀድሞ እንደሚሮጥ ስዊዘርላንድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 በሕዝበ ውሳኔ 57.5 በመቶው መራጭ የሚናሬት (የመስጊድ ማማ) ግንባታ እንዲከለከል ሲወስን፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሚናሬቶች አራት ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል የአገሬው ሰው ስለ ቋንቋ፣ ስለ ትምህርት ቤት ሥርዓትና ስለ ሴቶች መብት የሚያነሳው ጥያቄ ሁሉ ጥላቻ ተብሎ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ምዕራብ ጀርመን በ1961 ከቱርክ ጋር ውል ተፈራርማ ለፋብሪካዎቿ ሠራተኞችን የጠራችው ራሷ እንደነበረች አብሮ መነገር አለበት።

«ነገ ተራው የእኛ ነው» የሚለው ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። የይፋት ሱልጣኔት በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በወላስማ ነገሥታት ሥር ቆሞ ነበር፤ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባም የሸዋ ነገሥታት ከሙስሊም ነጋዴዎች ጋር የሚገበያዩባት ከተማ ነበረች። የዚሁ አካባቢ ሙስሊም ሕዝብ የሆነው አርጎባው ትናንት ድንበር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የፓሪስን ክርክር ወስዶ በእርሱ ላይ መጫን ሐሰት ነው፣ በደልም ነው።

ለማኅበርተኞችዎ የእንግሊዙን ቆጠራ ያንብቡላቸው። ልጅዎንም የት እንደምታስቀድስ ይጠይቋት፤ በአውሮፓ ያሉ በርካታ የተዋሕዶ አጥቢያዎች የራሳቸው ሕንፃ ስለሌላቸው፣ ቅዳሴ የሚያደርሱት የአገሩ ካቶሊኮች ወይም ፕሮቴስታንቶች በፈቀዱላቸው አዳራሽና ቤተ ክርስቲያን ነው።