የቶሮንቶ የብስክሌት መስመር ጭቅጭቅ፦ ጥያቄያችሁን ወዲህ በሉ

ቶሮንቶ ውስጥ ለብስክሌተኞች ደህንነት ከሚሟገቱት ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሐበሻው በየካፌው ስለ ብሎር መንገድ ሲከራከር ስለምሰማ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ መልሻለሁ። የተቆጣችሁም አላችሁ፣ ችግር የለም። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን አልተከታተልኩም። በአጭሩ ምንድነው የተፈጠረው?

በ2024 መጨረሻ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መሪ (ፕሪሚየር) ዳግ ፎርድ መንግሥት ቢል 212 የተባለውን ሕግ አወጣ። በብሎር፣ በያንግና በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ያሉ የብስክሌት መስመሮች ይነሱ አለ። ምክንያቱ የትራፊክ መጨናነቅ ነው ተባለ። ሳይክል ቶሮንቶ የተባለው ማኅበር ከሁለት ብስክሌተኞች ጋር ሆኖ ከሰሰ። ጁላይ 2025 ላይ ዳኛው መስመሮቹን ማንሳት በካናዳ የመብቶች ቻርተር አንቀጽ 7 የተጠበቀውን የሕይወትና የአካል ደህንነት መብት ይጥሳል ብለው ፈረዱ። መንግሥት ይግባኝ አለ።

ኡበር ነጂ ነኝ። መንገዱን ያጠበባችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?

ወንድሜ፣ ብሶትህ እውነት ነው። የቶሮንቶ ትራፊክ ያስመርራል። ግን የነበረውን የጋርዲነር አውራ ጎዳና ጥገናና ለኦንታሪዮ ላይን ባቡር ግንባታ ተብሎ የተዘጋውን ኩዊን መንገድም ቁጠር። ፍርድ ቤት የቀረበው የመንግሥቱ የራሱ ሰነድ ደግሞ መስመሮቹን ማንሳት መጨናነቁን ላያቃልለው ይችላል የሚል ነበር። ክሱን ካጠናከሩት ነገሮች አንዱ ይሄው ነው። ስለዚህ ለተሟጋቾች ሁሌ የምለው፣ የተቃዋሚያችሁን ወረቀት ከራሳችሁ ወረቀት በላይ አንብቡ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ለኡበር ሾፌር «አንተም ሳይክል ንዳ» አይባልም። የቤት ኪራዩ የሚወጣው ከመኪናው ነው። ብስክሌተኛው የራሱ መስመር ካለው ከፊትህ ገብቶ ፍሬን አያስይዝህም። ይህን ሾፌር ቶሎ ይረዳዋል።

ዳንፎርዝ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ፓርኪንጉ ጠበበ፣ ደንበኛ ሊሸሸኝ ነው። ይሄን ማን ይከፍለኛል?

እቴ፣ ከሁሉም የከበደኝ የአንቺ ጥያቄ ነው። እኛ ተሟጋቾቹ ካላዳመጥንሽ ፖለቲከኛው ቀድሞን አንቺ ጋ ይደርሳል፣ እኛም ጠላት አፈራን ብለን እንገረማለን።

መጀመሪያ የሚታወቀውን ልንገርሽ። በ2009 ብሎር አኔክስ ሰፈር በተደረገ ጥናት፣ በመኪና የሚመጣው ደንበኛ 10 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2016 የሙከራ መስመሩ ከተሠራ በኋላም የደንበኛው ቁጥርና ወጪ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የሰፈሩ ነጋዴዎች ማኅበር ራሱ ደጋፊ ነበር። በ2017 የከተማው ምክር ቤት 36 ለ6 በሆነ ድምፅ መስመሩን ቋሚ አደረገው።

ግን ያንቺ ቤት አኔክስ አይደለም። ያንቺ ደንበኛ ቅዳሜ ከስካርቦሮ፣ ከሚሲሳጋ፣ እናቱንና ልጆቹን ጭኖ ነው የሚመጣው። ክትፎ በልቶ፣ ቡና እስከ በረካ ጠጥቶ ነው የሚነሳው። አያት በብስክሌት አይመጡም! ጥናቱን ይዞ መጥቶ «ተሳስተሻል» የሚልሽ ተሟጋች ሥራውን አያውቅም። ማድረግ ያለበት የመስመሩ ቀለም ሳይቀባ መምጣት ነው። ሥጋ የሚያመጣልሽ መኪና በስንት ሰዓት ይቆማል? የጎን መንገዱ ላይ ስንት መኪና ይይዛል? የቅዳሜው ሰዓት ገደብ ይራዘም ወይ? እነዚህን ጽፎ ካንቺ ጋር አብሮ ለምክር ቤት አባሉ ማቅረብ አለበት። ነጋዴው ከተሟጋቹ ጎን ከቆመ የፖለቲከኛው «ትንንሽ ነጋዴዎችን ገደሏቸው» የሚለው ንግግር አፉ ላይ ይደርቃል።

የቅምጥል ፈረንጅ ወጣቶች ጉዳይ አይደለም?

ማታ ላይ ዳውንታውን አንድ ጥግ ቆመህ እይ። ባለ አራት ማዕዘኑን ትልቅ ቦርሳ አዝሎ በረዶ ውስጥ የሚጋልበው ማነው? ዴሊቨሪ የሚሠራ ስደተኛና ተማሪ ነው። የኛም ልጆች አሉበት። ጥፋቱ የተሟጋቾቹም ነው፤ መድረክ ላይ የሚያወጡት ሁሌ ያንኑ ዓይነት ሰው ነው።

እሳት አደጋና አምቡላንስስ?

የከተማው የእሳት አደጋ አለቃ ራሳቸው በብሎር ምዕራብ የመድረሻ ጊዜ በመስመሩ ምክንያት አልተጎዳም ብለዋል። እሳቸውን ጥቀሱ፣ እናንተ አትከራከሩ።

ሲሰድቡን ዝም እንበል?

በ2010 በሮብ ፎርድ የከንቲባነት በዓለ ሲመት ላይ የሆኪ ተንታኙ ዶን ቼሪ ብስክሌተኞችን «ፒንኮ» ብሎ ተሳለቀ፤ ኮሚኒስት ማለቱ ነው። ሰዉ ስድቡን ደረቱ ላይ ባጅ አድርጎ ለጠፈው። ጥሩ ቀልድ ነበር። ግን በ2012 የጃርቪስ መንገድ መስመር ከመነሳት አልዳነም። ስድቡን ለአንድ ቀን ሳቁበት፣ በነጋታው ወደ ነጋዴው ሂዱ።

ሰው ሲሞት መናገር በሐዘን መነገድ አይሆንም?

ቤተሰቡን ሳታስፈቅዱ ከሆነ፣ አዎ ይሆናል። ካስፈቀዳችሁ ግን ምክንያቱን በግልጽ ተናገሩ። በ2024 በበጋቸው፣ ማለትም በኛ ሐምሌ፣ ብሎር ላይ አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ሞተች። የግንባታ ቆሻሻ መጣያ ኮንቴይነር የብስክሌት መስመሩን ዘግቶት ነበር። ወደ መኪናው መስመር ስትወጣ ከባድ መኪና ገጫት። «መንገድ አደገኛ ነው» ከማለት ይልቅ ኮንቴይነሩን እዚያ ማን ፈቀደ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ መስጠት ያለበት ሰው ይገኛል።

አዲስ አበባ ነኝ። ይሄ ለኛ ምን ይፈይዳል?

እናንተ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። በኮሪደር ልማቱ መስመሩ ከላይ መጣ፣ የሚሟገትለት ተጠቃሚ ግን ገና ብዙ አይደለም። ተጠቃሚው ሳይደራጅ የተሠራ መስመር መኪና ማቆሚያ ለመሆን ቅርብ ነው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ስብሰባ ላይ ምን ልናገር?

ጋሼ፣ ንግግር አያስፈልግም። አስተርጓሚ ከፈለጉ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልሆነም በጽሑፍ ይላኩ። የትኛው መስቀለኛ መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሆነ፤ ሦስት መስመር ይበቃል። የፖስታ ኮድዎን ግን እንዳይረሱ። የምክር ቤት አባሉ መጀመሪያ የሚያየው የራሱ መራጭ መሆንዎን ነው።