ለአጋዘን አደን የትኛውን የ300 ማግነም ጥይት ልግዛ ላልከው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ያልከው እንዲህ ነው፦ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ነው ያለሁት፣ የሥራ ጓደኞቼ በጥቅምት አጋዘን አደን ሊወስዱኝ ነው፣ ያገለገለ 300 ዊንቸስተር ማግነም (ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ የአደን ጠመንጃ) ገዝቻለሁ፣ ጫካ ውስጥ በ50 ሜትርም ሸለቆ ማዶ በ350 ሜትርም ሊያጋጥምህ ይችላል ስላሉኝ ለቅርቡ ባለ 150 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ለሩቁ ባለ 200 ግሬን ሁለት ዓይነት ልግዛ ወይ? እኔ አሁን ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት ግን እዛው ኮሎራዶ ብዙ ዓመት ኖሬ በየዓመቱ ከጓደኞቼ ጋር እየወጣሁ ስለነበር የማውቀውን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሰኝ።

ሁለት ዓይነት አትግዛ። አንድ ምረጥ፣ እሱን ብቻ ያዝ። አንድ ጠመንጃ በ150 ግሬንና በ200 ግሬን አንድ ቦታ አይመታም፣ በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) እንኳን የጥቂት ኢንች ልዩነት ይኖረዋል፣ ስኮፑን (ማነጣጠሪያ መነጽሩን) ያስተካከልከው ለአንዱ ከሆነ ሌላው ይስታል ማለት ነው። አጋዘኑ ድንገት ከቁጥቋጦ ብድግ ሲልብህ ደግሞ የቱን ነበር ያጎረስኩት ብለህ የምታስብበት ጊዜ የለህም።

አሁን ዋናው ነገር። ሁሉም ሰው ማግነም ሲገዛ የሚጨነቀው ስለ ሩቁ ነው፣ ሩቅ ላይ ይደክምብኛል ይላል፣ እኔ ግን ያየሁት ተቃራኒውን ነው፣ ማግነም በአጋዘን ላይ የሚያስቸግረው ቅርብ ላይ ነው። ቁጥሩን እየው። ባለ 180 ግሬኑ (11.7 ግራም ገደማ ነው) ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 900 ሜትር ይሄዳል፣ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ገና 720 አካባቢ ነው፣ 400 ሜትር ላይ እንኳን ከ650 አይወርድም። አብዛኛው የአደን አረር ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ለመከፈት የሚበቃው ፍጥነት 550 አካባቢ ነው፣ መዳብ ብቻ የሆነው ትንሽ ከፍ ያለ ወደ 600 ይፈልጋል። ስለዚህ አንተ በምትተኩስበት ርቀት ሁሉ አረሩ ይከፈታል፣ እሱ አያሳስብህ። 50 ሜትር ላይ ግን ከመጠን በላይ ፈጥኖ ነው የሚደርሰው፣ እርሳሱን የሚሸፍነው የመዳብ ልባስ ቀጭን የሆነ ለስላሳ አረር ከሆነ አጥንት ሲያገኝ በቃ ይበታተናል፣ 150 ግሬኑ ደግሞ ሲወጣ ወደ 1000 ስለሚጠጋ የባሰ ነው። አየህ፣ አንተ ለቅርብ ብለህ ያሰብከው ቀላሉ ጥይት ለቅርብ የማይሆነው እሱ ነው።

አንዱ ጓደኛዬ ጥድ ጫካ ውስጥ በ40 እርምጃ ላይ ፕላስቲክ ጫፍ ባለው ባለ 150 ግሬን ወርቹ ላይ መታው። አጋዘኑ እዛው ወደቀ፣ ጥሩ ነው አልን፣ ቆዳውን ስንገፍ ግን የመታው ወርች ከጉልበቱ በላይ እስከ አንገቱ ሥር ድረስ ጠቁሮ ደም ረግቶበት ጄሊ ሆኗል፣ አጥንቱ ፍርክስክስ ብሎ በጎድኑ መሀል ተሰክቷል፣ የእርሳሱ ብናኝ በጣት ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ አረሩ ራሱ ወደ ልቡ አልዘለቀም፣ የሞተው በድንጋጤና ብዙ ደም ስለፈሰሰው ነው። ያን ሁሉ ሥጋ ቆርጠን ጣልነው። ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ጎድኑ ላይ ቢያገኘው ኖሮ እንኳን እንደዛ አይሆንም ነበር፣ ስለዚህ አንተም በተቻለህ መጠን ከወርቹ ጀርባ ጎድን ላይ አልም፣ ሳንባው እዛ ነው ሥጋውም አይበላሽም።

ይሄ ችግር የቆየ ነው። ጆን ኖስለር የሚባለው አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1946 ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ የሚባለውን ትልቅ የአጋዘን ዘር ሊያድን ሄዶ 300 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም በሚባል ሌላ ጥይት ሲተኩስ አረሩ ከላይ ከላይ እየተበታተነ አልገባ አለው፣ ከዛ ተመልሶ ፓርቲሽን የሚባለውን አረር ሠራ፣ በ1948 መሸጥ ጀመረ። መሀሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ አለው፣ ከግድግዳው ፊት ያለው እርሳስ ይከፈታል፣ የኋላው እንዳለ ሆኖ ወደ ውስጥ ይነዳል። 300 ዊን ማግ (ያንተው 300 ዊንቸስተር ማግነም) እራሱ የመጣው በ1963 ነው፣ ማለት ጥይቱ ከመሠራቱ በፊት መድኃኒቱ ተሠርቶለት ነበር፣ እስከ ዛሬም ይሸጣል።

ስለዚህ ምርጫህ ከሦስቱ አንዱ ይሁን። አንደኛው ይሄው ፓርቲሽን በ180 ግሬን። ሁለተኛው ቦንድድ የሚባለው፣ እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይላቀቅም፣ አኩቦንድ አለ፣ የፌደራል ትሮፊ ቦንድድ አለ፣ ስዊፍት ኤ ፍሬም አለ፣ እሱም በ180። ሦስተኛው ሙሉ መዳብ ነው እንደ ባርነስ ያለው፣ እሱ ክብደቱን ስለማይጥል ከ165 በላይ መሄድ አያስፈልግህም። እኔ ብትለኝ ከቦንድዶቹ 180 አኩቦንዱን ነው የምወደው፣ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ከፓርቲሽኑ ይልቅ ነፋስ ብዙም አይገፋውም፣ ቅርብም ላይ ይጸናል። ግን ሱቁ ውስጥ የምታገኘውን ጠመንጃህ የሚወደውን ውሰድ፣ ከእነዚህ ከሁለት ዓይነት አንዳንድ ፓኮ ሞክረህ ጥይቶቹን አንድ ላይ የሚሰበስብልህን ያዝ ማለቴ ነው፣ ያኔ ሌላውን ተወው። ብር ካጠረህም ተራው ሬሚንግተን ኮርሎክት በ180 አይጥልህም፣ ከ1939 ጀምሮ ሰው አጋዘን የገደለበት ነው፣ ብቻ 150ውን አትንካ።

የጦር ጥይት የሚባለውን ደግሞ እንዳታስበው። እኛ ጋ የለመድነው የክላሹም የምንሽሩም ጫፉ ድረስ ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠ ነው፣ በስቶ ያልፋል አይከፈትም። በልጅነታችን አባይ በረሃ ውስጥ እንዲህ የተመታ ድኩላ ቆስሎ ገደል ገብቶ ሲጠፋ፣ በማግስቱ ጅብ የተረፈውን ሲያገኙ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚያዝኑ አይቻለሁ፣ ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮሎራዶ ላይ ሕጉም የሚከፈት አረር ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ ርካሽ ነው ብሎ የሚሸጥልህ ቢመጣ ፓኮውን አንብብ።

ፓኮውን አንብብ ካልኩህ ሌላም አለ። 300 ዊን ማግ፣ 300 ዌዘርቢ፣ 300 ደብሊው ኤስ ኤም፣ 300 ፒ አር ሲ ሁሉም 300 ናቸው ሁሉም ማግነም ዘመዶች ይመስላሉ ግን አይቀያየሩም። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውንና ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን አስተያይተህ አንድ መሆኑን ሳታይ አታጉርስ፣ ያገለገለ ጠመንጃ ስለሆነ በተለይ። ሻጩ ነገረኝ አይበቃም።

ስኮፑን እንዴት ላስተካክል ላልከው፣ እዛ ተኩስ ሜዳው በያርድ ስለሆነ በያርድ ልንገርህ። 180ውን በ100 ያርድ ላይ ከመሀል 7 ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ እንዲመታ አድርገው። ያኔ 250 ያርድ አካባቢ ልክ መሀል ይመታል፣ 300 ያርድ ላይ 8 ወይ 10 ሳንቲም ዝቅ ይላል። የአጋዘኑ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከ20 እስከ 25 ሳንቲም ስፋት አለው፣ ስለዚህ ከአፍንጫህ ሥር ጀምሮ እስከ 300 ያርድ ድረስ መሀሉን ብቻ አልመህ ምላጩን መሳብ ነው፣ ምንም ማስላት የለም። አንተ 350 ሜትር ያልከው ግን በያርድ ከ380 በላይ ነው፣ እዛ ላይ ወደ 30 ሳንቲም ይወርዳል፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሆን የጎን ነፋስ ካለ ደግሞ ወደ ጎን ሌላ 25 ምናምን ሳንቲም ይገፋዋል፣ ሁለቱ ሲደመር ሆዱን ወይ እግሩን መምታት ነው። የመጀመሪያ ዓመትህ ስለሆነ 300 ያርድ ላይ ገደብ አብጅ ወንድሜ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ጎንበስ ብለህ ተጠጋ፣ ተራራ ላይ ያደግን ልጆች መጠጋት አያቅተንም እኮ።

ርቀትን በዓይን አትመን። ደጀን ጫፍ ላይ ቆመህ ጎሃ ጽዮንን ስታይ በድንጋይ የምትደርስበት አይመስልህም? ኮሎራዶም እንደዛው ነው፣ አየሩ ጥርት ያለ ስለሆነ ሸለቆ ማዶ ያለው ሁሉ ይቀርብሃል። ሬንጅ ፋይንደር (ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ግዛ፣ ለሁለተኛው ጥይት ልታወጣው የነበረውን ብር እዛ ላይ ጨምረው። ቁልቁል ወይ ሽቅብ ስትተኩስ ደግሞ የሚቆጠረው አግድሙ ርቀት ነው፣ በ30 ዲግሪ ቁልቁል 350 የሚልህ ለጥይቱ 300 ገደማ ነው፣ ይሄን ራሱ አስልቶ የሚያሳይ አለ፣ ከገዛህ እሱን ግዛ።

ሌላው ሰው የሚንቀው መራገጡ ነው። እኛ ጠመንጃ ይዘን ያደግን ነን እንላለን ግን ክላሽ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ 300ው ትከሻ ይደበድባል፣ ከሁለትና ሦስት ጥይት በኋላ ሰውነት ሳያውቀው ምላጩን ከመሳብህ በፊት ዓይን ይጨፍናል ትከሻም ይገፋል፣ ያኔ ምርጥ ጥይት ብትይዝ ዋጋ የለውም። ጓደኛህ ካንተ ተደብቆ አንዴ እውነተኛ አንዴ ማለማመጃ ባዶ (ባሩድ የሌለው) ጥይት እያጎረሰ ይስጥህ፣ ባዶው ላይ አፈሙዙ ዝቅ ካለ ችግሩ አለብህ ማለት ነው። ጆሮህን ሸፍን፣ ሰደፉ ላይ ጎማ አስገባ፣ በአንድ ቀን ብዙ አትተኩስ። ዓይንህና ስኮፑ መሀል ከ9 ሳንቲም ያላነሰ ክፍተት ይኑር፣ ካልሆነ ቅንድብህን ይሰነጥቅሃል።

ስለ ሥጋው አልጠየቅከኝም ግን ሳልነግርህ አላልፍም። የእርሳስ አረር ከሆነ ከቁስሉ ዙሪያ ሰፋ አድርገህ ቆርጠህ ጣል፣ ብናኙ በዓይን ከምታየው በላይ ይርቃል፣ ልጆች ካሉህ መዳቡን ምረጥ የምለው ለዚህ ነው። ጥሬም አትብላ፣ እኔም ጥሬ ሥጋ እንደምወድ አውቃለሁ ግን አጋዘን ላይ ሲ ደብሊው ዲ የሚባል የአንጎል በሽታ ኮሎራዶ ውስጥ አለ፣ ማብሰልም አይገድለውም፣ ስለዚህ ጭንቅላቱን ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ሰጥተህ አስመርምር፣ ውጤቱ ሳይመጣ ማንም አይብላ። በጥይት የወደቀ ስለሆነ ስለ መባረኩ ደግሞ የነፍስ አባትህን ከመሄድህ በፊት ጠይቅ፣ ቀኑንም አስላው፣ ሕዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ እስከ ገና መጠበቁ ነው።

የአዳኝ ትምህርት ካርዱን ያዝ፣ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደ ሁሉ ካርዱ ከሌለው ፈቃድ አይሰጠውም፣ ደማቅ ብርቱካናማ ወይ ደማቅ ሮዝ ሰደሪያና ኮፍያም ግዴታ ነው።

አሁን አንተ ሁለት ነገር ጻፍልኝ፣ በርሜሉ 24 ኢንች ነው ወይስ 26? ላዩ ላይ ያለው ስኮፕ ምንድን ነው? አጭር ከሆነ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሚቀንስ የ100 ያርዱን ከፍታ አብረን እናስተካክለዋለን።