አክቲቭ ቤዝ ላይ ፓሲቭ ቶን ልጨምር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የምጽፍልህ ከኮምቦልቻ ነው። ባለ 4 ክር አክቲቭ ቤዝ ጊታር አለኝ፣ በባትሪ የሚሰራው ዓይነት፣ አሮጌ ነው ከአዲስ አበባ የገዛሁት፣ ሁለት ፒካፕ አለው፣ ማዞሪያዎቹ ቮልዩም፣ ብሌንድ (ሁለቱን ፒካፕ የሚያመጣጥነው)፣ ቤዝና ትሬብል ናቸው። ሰርግ ላይ ለጭፈራው በጣም አሪፍ ነው፣ ግን ትዝታ ወይ አምባሰል በዝግታ ስንጫወት ድምፁ ብርጭቆ ብርጭቆ ይልብኛል። ትሬብሉን እስከመጨረሻ ብቀንሰውም የጓደኛዬ ባትሪ የሌለው ፓሲቭ ቤዝ ቶኑ ሲዘጋ የሚያወጣው ያ ድብልብል ያለ ወፍራም ድምፅ አይመጣልኝም። አንዱ ልጅ ፖት (ማዞሪያ) እና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ) ገመዱ የሚሰካበት ጃክ ላይ በይድበት አለኝ፣ ሌላው ደሞ ፕሪአምፑ (ውስጥ ያለው፣ ድምፁን በባትሪ የሚያጎላው ቦርድ) ይቃጠልብሃል ብሎ አስፈራኝ። እንጨቱን መብሳት አልፈልግም። ባለፈው ደሞ መሀል ሰርግ ላይ ባትሪው አልቆ ድምፄ ጠፋ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይቻላል፣ እንጨትም ሳትበሳ። ሁለቱም ልጆች ግን ስተዋል። ጃኩ ላይ ብትበይደው ፕሪአምፑ አይቃጠልም፣ ነገር ግን የፈለግከውን ድምፅም አታገኝም። ለምን እንደሆነ ትንሽ ልዘርዝርልህ ምክንያቱም ይሄ ከገባህ የሽቦው ነገር ቀላል ነው።

ፓሲቭ ቶን ብቻውን አይሰራም፣ ከፒካፑ ጋር ተጣምሮ ነው የሚሰራው። ፒካፕ ማለት ማግኔት ዙሪያ በብዙ ሺ ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው አይደል፣ ያ ጥምጥም ኢንዳክታንስ (በሄንሪ የሚለካ፣ ፈጣን የኤሌክትሪክ ለውጥን የሚቋቋም ባህሪ) አለው። ካፓሲተሩን ከሱ ጋር ስታገናኘው ሁለቱ አንድ ላይ ፊልተር ይሆናሉ። ለምሳሌ ፒካፑ 4 ሄንሪ ቢሆንና 47 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ብታስገባ፣ ቶኑ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ማጠፊያው (ድምፁ መውረድ የሚጀምርበት ቦታ) 367 ኸርዝ አካባቢ ላይ ይወድቃል። ከዛ በላይ ያለው ድምፅ በፍጥነት ይወርዳል፣ እዛው ማጠፊያው ጋ ደሞ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ጉብታ ይሰራል። ጓደኛህ ቤዝ ላይ የምትሰማው ውፍረት ያ ጉብታ ነው። የቤዝህ ክሮች ሳይጨበጡ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ኸርዝ ናቸው፣ ስለዚህ ዋናው ድምፅ ምንም አይነካም፣ የሚሄደው ከላይ ያለው ብርጭቆ ነው። ያንተ አክቲቭ ትሬብል ግን ከላይ ያለውን በተወሰነ መጠን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ጉብታም የለውም፣ ለዛ ነው እስከመጨረሻ ዘግተኸውም ያልረካኸው። ጆሮህ ልክ ነው።

አሁን ጃኩ ላይ ብትበይደውስ? ፕሪአምፑ ካለፈ በኋላ ፒካፑ የለም፣ ካፓሲተሩ የሚያየው የፕሪአምፑን መውጫ ብቻ ነው። መውጫው 1 ኪሎ ኦም ቢሆን ያው 47 ናኖ ፋራድ መቁረጥ የሚጀምረው 3400 ኸርዝ ገደማ ላይ ነው። እዛ ላይ ያለው የጣት ፍትጊያና የክር ጫጫታ ነው፣ እሱን ትንሽ ይቀንስልሃል በቃ። አንዳንድ ፕሪአምፕ ደሞ መውጫው ላይ ካፓሲተር ሲንጠለጠልበት ራሱን ስቶ ያፏጫል።

ስለዚህ ቦታው ከቮልዩምና ከብሌንድ በኋላ፣ ከፕሪአምፑ መግቢያ በፊት ነው። ሳዶውስኪ የሚባሉት ቤዞች ላይ ያለው ቪንቴጅ ቶን የሚሉት ነገርም እንደዚሁ ፓሲቭ ነው፣ ፕሪአምፑ ቢበራም ቢጠፋም ይሰራል። ያንተ ብሌንድ ስላለው ምናልባት ቮልዩሙ ከፊት ነው፣ ግን ክፈተውና አረጋግጥ። ከፒካፕ የሚመጣውን ሽቦ ተከተል። መጀመሪያ ፖት ላይ ካረፈ፣ ፖቱም ላይ 250ኬ ወይ 500ኬ (ኬ ማለት ኪሎ ኦም ነው) የሚል ካለ፣ ጥሩ ነው። ሽቦው በቀጥታ ቦርዱ ላይ ገብቶ ቮልዩሙ ላይ 25ኬ ካየህ ግን ቮልዩሙ ከኋላ ነው ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ስቲንግሬይ የሚባለው ቤዝም እንደዛ ነው የተሰራው፣ ያኔ ቶኑን ከቦርዱ መግቢያ ጋ ታስገባዋለህ። ፒካፑ ራሱ የባትሪ ሽቦ የሚሄድለት ከሆነ ደሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ያ አክቲቭ ፒካፕ ነው፣ 25 ኪሎ ኦም ፖትና 100 ናኖ ፋራድ ነው የሚፈልገው፣ ያ ጉብታም አይኖረውም።

ሳትበይድ ግን ሞክረው እባክህ። አምፑን ዝቅ አድርገህ ክፈት፣ ካፓሲተሩን በሁለት ቆንጣጭ ሽቦ አንዱን እግር ፕሪአምፑ መግቢያ ላይ ሌላውን ግራውንድ (የሁሉም ሽቦ የጋራ መመለሻ) ላይ ያዝና ተጫወት። ይሄ ቶኑ ሙሉ ለሙሉ ሲዘጋ የሚኖረው ድምፅ ነው። በዛው 22፣ 47 እና 100 ናኖ ፋራድ እየቀያየርክ ስማ፣ በ22 ማጠፊያው 536 አካባቢ ይሆናል፣ በ100 ደሞ ወደ 250 ይወርዳል። ለኔ ለትዝታ 47 ነው የሚጥመኝ፣ በ100 ጣትህ ክሩን የሚነካበት ራሱ ይጠፋና ዘፋኙ ምቱን መያዝ ይቸግረዋል። አረንጓዴዋ ፊልም ካፓሲተር 473 ተብሎ ከተጻፈባት 47 ናኖ ነው፣ 223 ካለ 22፣ 104 ካለ 100። ደሴ ስትመጣ ሐረጎን ወጥተህ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮ ጠጋኞች ጋ ጠይቅ፣ ከሞተ ሬዲዮ የተፈታም ይሆናል፣ ብቻ በመልቲሜትር ይለኩልህ። ውድ ካፓሲተር ግዛ የሚልህን አትስማ፣ ድምፁን የሚወስነው ቁጥሩ ነው። ከቴሌቪዥን ውስጥ ግን ራስህ አትፍታ፣ ትልልቆቹ ተሰክቶ ባይሆንም እንኳ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ፖቱ ኤ250ኬ ይሁን፣ ኤ ማለት እንደ ጆሯችን ቀስ እያለ የሚሄደው ነው። ከ250 ይልቅ 500 ብታደርግ ቶኑ ሙሉ ሲከፈት የላይኛው ድምፅ ትንሽ ይበልጥ ብሩህ ይሆናል፣ ለጭፈራው ብሩህነቱን ስለምትፈልገው 500ም ብታገኝ አትከፋ። ሽቦው ሁለት ነው፦ ከፕሪአምፑ መግቢያ ወደ አንዱ የዳር እግር፣ ከመሀለኛው እግር በካፓሲተሩ አድርጎ ወደ ግራውንድ። ሦስተኛው እግር ባዶ ነው። ስታዞረው ተቃራኒ ከሰራ ሽቦውን ወደ ሌላኛው የዳር እግር አዙረው። የፖቱን ቆርቆሮም ግራውንድ አድርገው፣ ሽቦውም መከለያ ያለው ይሁን፣ አለዚያ ሰርግ ቤት ጄነሬተር ሲነሳ ኸም (እምም የሚል ጫጫታ) ይበዛብሃል።

አዲሱ ፖት የሚገባበትን ቀዳዳ በተመለከተ የኔ ሀሳብ ትሬብሉን መስዋዕት ማድረግ ነው። ድርብ ፖት (ሁለት ማዞሪያ በአንድ ቀዳዳ) የሚሉት አለ ግን ቁጥሩ የሚገጥም ማግኘት ያደክምሃል። ትሬብልህ መሀል ላይ ጠቅ ብሎ የሚቆም ዓይነት ከሆነ መሀሉ ማለት ምንም ያልተጨመረ ምንም ያልተቀነሰ ነው፣ ስለዚህ ፖቱን አውጥተህ በሱ ፈንታ ሁለት እኩል ሬዚስተር ታስገባለህ፣ ፖቱ 100 ኪሎ ኦም ከነበረ 47፣ 47፣ የሁለቱ መገናኛ የመሀለኛው እግር ቦታ ላይ ይገባል። ፕሪአምፑ ትሬብሉ ለዘላለም መሀል ላይ የቆመ ይመስለዋል፣ አንተም አንድ ቀዳዳ አተረፍክ። መሀል ላይ የማይቆም ዓይነት ከሆነ ግን ይሄ ስሌት አይሰራም፣ ፖቱ በቀጥታ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነም በጉልበት አትንቀለው። ከሁሉ በፊት ግን ውስጡን በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ከሦስት ማዕዘን አንሳው፣ የትኛው ሽቦ የት እንደነበር እረሳለሁ ብለህ አታስብም ግን ትረሳለህ።

የባትሪው ነገር የበለጠ ያሳስበኛል ምክንያቱም የሰው ሰርግ ላይ ነው። ቶን ፖቱን ስትገዛ ወደ ላይ ሲሳብ ማብሪያ የሚሆነውን ፑሽ ፑል የሚሉትን ግዛ፣ ከስሩ ስድስት እግር አለው። በአንዱ ወገን ጃኩ ከፕሪአምፑ መውጫ ወይም በቀጥታ ከቮልዩሙ እንዲወስድ ታደርጋለህ፣ በሌላው ወገን የፕሪአምፑን መግቢያ ትቆርጣለህ (የቶኑ ሽቦ ግን በቮልዩሙ በኩል ይቅር)፣ ይሄን ሁለተኛውን አትተወው፣ ባትሪ የሌለው ፕሪአምፕ መስመሩ ላይ ከተንጠለጠለ ድምፁን ሊያበላሸው ይችላል። ቮልዩምህ ከፊት ከሆነ ባትሪው ሲሞት ሳብ ታደርገዋለህ፣ ድምፁ ዝቅ ይላል አምፑን ትጨምራለህ፣ ቤዝና ትሬብል የለም ግን ቮልዩሙም ብሌንዱም አዲሱ ቶንህም ይሰራሉ። ፓሲቭ ቶን ከፕሪአምፑ በፊት የመሆኑ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው። ደሞ ተጫውተህ ስትጨርስ ገመዱን ከቤዙ ንቀለው፣ አብዛኛው አክቲቭ ቤዝ ላይ ባትሪው የሚበራው ገመዱ ሲሰካ ነው፣ አዳሩን ከተሰካ ባለ 9 ቮልቷ ትሟሽሻለች።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ፣ ቤዝ ክራር ነው የምጫወተው። ቆዳው ላይ የተለጠፈች ፒዬዞ ፒካፕ አለችኝ። እኔስ እንደዚህ ዓይነት ቶን ላስገባ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ በቀጥታ አታስገቢ። ፒዬዞ ጥምጥም የለውም፣ ራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፣ ሌላ ካፓሲተር ብትጨምሪበት ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ድምፁን ነው የሚቀንሰው። 250 ኪሎ ኦም ፖት ደሞ ታችኛውን ድምፅ ይበላብሻል፣ ፒዬዞዋ 10 ናኖ ፋራድ ብትሆን ከ64 ኸርዝ በታች መውረድ ይጀምራል፣ ለቤዝ ክራር ያ ከባድ ነው። መጀመሪያ መግቢያው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም፣ ብታገኚ ከዛም በላይ የሆነ ትንሽ ፕሪአምፕ ይቅደም። ከሱ በኋላ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በመስመሩ ላይ አስገቢና ከዛ ፖቱንና 47 ናኖውን ወደ ግራውንድ፣ ሲዘጋ 340 ኸርዝ ገደማ ላይ ይቆርጥልሻል። እንደ ፒካፑ ጉብታ አይኖረውም፣ ግን የክራሩ የራሱ ሳጥን ውፍረት ስላለው አይጎድልብሽም። ፒዬዞዋን ደሞ ብርኩማው ስር አንድ ሁለት ቦታ እያዘዋወርሽ ስሚያት፣ አንድ ጣት ያህል መንቀሳቀሷ ከማንኛውም ካፓሲተር የበለጠ ድምፁን ይቀይረዋል።